የመንደር ጤና ኬላ ሲመዘን፦ በአላስካ ኢኑፒያቶችና በሰሜን ጋና

ሁለቱን አገልግሎቶች አጠገብ ላጠገብ አድርጎ መመዘን መጀመሪያ ግር ይላል። አንደኛው በሰሜን ምዕራብ አላስካ፣ ባሕሩ ለወራት በረዶ ሆኖ በሚቆይበት ዳርቻ ለሚኖሩት ኢኑፒያቶች የሚሰጥ ነው። ሌላው ከቡርኪና ፋሶ ድንበር አቅራቢያ፣ ናቭሮንጎ ላይ ተሞክሮ ወደ መላው ጋና የተስፋፋ ነው። ሥራቸው ግን አንድ ነው፤ ሐኪም በሌለበት መንደር፣ ሐኪም ያልሆነ ሰው የመጀመሪያውን ሕክምና ይሰጣል። ጤና ኬላና ጤና ኤክስቴንሽን ለሚያውቅ አንባቢ ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም። የሁለቱን ሕዝቦች ኑሮ ማወዳደር የፈለገ ሰውም የገቢ ሠንጠረዥ ከማገላበጥ እዚህ በር ላይ ቢቆም ብዙ ያያል። ገንዘቡም፣ መንገዱም፣ ውኃውም፣ ዝምድናውም እዚህ ይገናኛሉ። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መሠረቱን በአጭሩ እንያዝ። ጋና በ2021 ቆጠራ 30.8 ሚሊዮን ሕዝብ ነበራት። ኖርዝዌስት አርክቲክ ቦሮ የሚባለው፣ አብዛኛው ነዋሪ ኢኑፒያት የሆነበት አስተዳደር ግን 92,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ መሬት ላይ 8,000 የማይሞላ ሰው ብቻ ይዟል። ስፋቱ የጋናን ሲሶ ያልፋል፣ መንደሮቹን እርስ በርስ የሚያገናኝ መንገድ ግን የለም። በሙቀቱ ወራት ጀልባ አለ፣ በብርዱ ወራት የበረዶ ሞተር ብስክሌት አለ፣ ዓመቱን ሙሉ የሚያገለግለው ግን ትንሽ አውሮፕላን ነው።

ገንዘብ በሌላ በኩል አለ። በ1971 የወጣው የመሬት ሕግ ለአላስካ ነባር ሕዝቦች 44 ሚሊዮን ኤከር መሬትና 962.5 ሚሊዮን ዶላር ሰጥቶ በየክልሉ የአክሲዮን ኩባንያ አቋቁሞላቸዋል። የዚሁ ቦሮ ዋና ከተማ የሆነችው የኮትዘቡ አካባቢው ኩባንያ ናና ይባላል፤ ከ1989 ጀምሮ ዚንክ የሚወጣበት የሬድ ዶግ ማዕድን የሚገኘው በእርሱ መሬት ላይ ነው። ወደ ሰሜን ሲኬድ ያለው ኖርዝ ስሎፕ ቦሮ ደግሞ ከ1972 ጀምሮ የነዳጅ ኩባንያዎችን ንብረት ቀርጦ ትምህርት ቤትና ክሊኒክ ይሠራል። ከዚህ በላይ እያንዳንዱ የአላስካ ነዋሪ ከነዳጅ ገንዘብ ዓመታዊ ድርሻ ይደርሰዋል። ድርሻው በ2022 3,284 ዶላር ነበር፣ በሚቀጥለው ዓመት ወርዶ 1,312 ሆነ። በእንዲህ ያለ ገቢ ላይ የቤት በጀት ማውጣት እንዴት እንደሚያስቸግር ዝናብ ጠብቆ የሚያርስ ሰው ያውቀዋል።

የአላስካው፦ መመሪያው፣ ስልኩና ሄልዝ ኤይዷ

በይፋ ስሙ የማኅበረሰብ ጤና ረዳት ፕሮግራም ነው፤ መንደርተኛው ሠራተኛዋን «ሄልዝ ኤይድ» ብሎ ይጠራታል። የመነጨው ከቲቢ ነው። በ1950ዎቹ ቲቢ መንደሮቹን ሲጨርስ መድኃኒቱ ተገኘ፣ በየቀኑ ቆሞ የሚያውጥ ሰው ግን ጠፋ፤ ያኔ ከየመንደሩ ፈቃደኞች ተመረጡ። በ1968 የአሜሪካ ኮንግረስ በጀት መደበለትና ቋሚ ሥራ ሆነ። ዛሬ በመላው አላስካ ከ170 በላይ በሆኑ መንደሮች ይሠራል።

ሥልጠናው 4 ዙር ነው፣ እያንዳንዱ ከ3 እስከ 4 ሳምንት ይወስዳል። በዙሮቹ መካከል ሠልጣኟ ወደ መንደሯ ተመልሳ ታካሚ ታያለች። በመጀመሪያው ደረጃ ያለችው ያየችውን ታካሚ ሁሉ ለሐኪም ሪፖርት ታደርጋለች። ደረጃዋ ሲያድግ ሐኪሙ አስቀድሞ በጽሑፍ በፈቀደላት የበሽታ ዝርዝር ውስጥ ሳትደውል ታክማለች። አራቱንም ዙር ጨርሳ፣ በሆስፒታል ከሐኪም አጠገብ ተለማምዳና ፈተና አልፋ ሙሉ ባለሙያ ትሆናለች።

አገልግሎቱን ያቆመው መመሪያው ነው። ድሮ ወፋፍራም ጥራዝ ነበር፣ አሁን ታብሌት ውስጥ ገብቷል። እናት የ2 ዓመት ልጇን «ጆሮውን ይነካካል፣ ሲያለቅስ አደረ» ብላ ስታመጣ ሄልዝ ኤይዷ በግምት አትጀምርም። የጆሮን ምዕራፍ ትከፍትና ጥያቄዎቹን በተጻፉበት ቅደም ተከተል ትጠይቃለች፦ መቼ ጀመረው? ትኩሳት አለው? ፈሳሽ ወጥቶታል? ከዚህ በፊት ታሞ ያውቃል? ሲጠሩት ይሰማል? ሙቀቱን፣ ትንፋሹን፣ የልብ ምቱንና ክብደቱን ትለካለች። ጆሮ ማየት የምትጀምረው ካላመመው ነው፤ አለበለዚያ ልጁ ካለቀሰ በኋላ ሁለተኛውን ማየት አይቻልም። የሕፃን ጆሮ ቅጠል ወደ ታችና ወደ ኋላ ይሳባል፣ የትልቅ ልጅና የአዋቂ ወደ ላይና ወደ ኋላ። ያገኘችውን ከሠንጠረዡ ጋር ታመሳክራለች፤ ሠንጠረዡ የበሽታውን ስም፣ ሕክምናውን፣ መቼ ተመልሶ መታየት እንዳለበትና ምን ሲመጣ ወዲያው መደወል እንደሚያስፈልግ ይነግራታል። የመድኃኒቱ መጠን በልጁ ክብደት ይሰላል።

የመሀል ጆሮ ሕመም በኢኑፒያት ልጆች ላይ እጅግ ይበዛል፤ ሲደጋገም ታምቡሩን ይበሳል፣ መስማት ይቀንሳል፣ ትምህርትም ይጎዳል። ለዚህ ሲባል በየክሊኒኩ ጎማ ባለው ማቆሚያ ላይ ካሜራ የተገጠመለት የጆሮ መመልከቻ ተቀምጧል። ፎቶ ይነሳል፣ ከታሪኩ ጋር ይታሸጋል፣ የሳተላይት መስመሩ ሲችል የአላስካ ትልቋ ከተማ ወደሆነችው አንኮሬጅ ይላካል። ቪዲዮ ጥሪ አይደለም፤ መስመሩ ስለሚንቀራፈፍ አስቀምጦ መላክ ይሻላል። የጆሮ ሐኪሙ ብዙ ጊዜ በዚያው ቀን ከፍቶ ይመልሳል። ከኖም ከተማ በሚተዳደረው የኖርተን ሳውንድ አካባቢ በተደረገ ጥናት፣ ይህ አሠራር ከመምጣቱ በፊት የጆሮ ሐኪም ዘንድ ከተላኩት አዲስ ታካሚዎች 47 በመቶው 5 ወር ወይም ከዚያ በላይ ይጠብቁ ነበር፤ በመጀመሪያዎቹ 3 ዓመታት ወደ 8 በመቶ፣ ቀጥሎ ከ3 በመቶ በታች ወርዷል። ከዚህ የሚበልጥ ማስረጃ መፈለግ አያስፈልግም።

የሚበላሸውም እዚሁ ላይ ነው። ፎቶው ጭጋግ ከያዘ፣ ሰም ታምቡሩን ከሸፈነ ወይም ልጁ ከተንቀሳቀሰ ሐኪሙ ምንም አያይም፤ ጉዳዩ ተመልሶ ይመጣና አንድ ቀን ይባክናል። ሰሙ ቀድሞ መጠረግ አለበት፣ መስተዋቱ መሞቅ አለበት፣ ልጁም በእናቱ ጭን ላይ ጭንቅላቱ ተይዞ መቀመጥ አለበት። አዲስ ሄልዝ ኤይድ ብዙ የምትደክመው በማሽኑ አይደለም፣ ልጁን በመያዝ ነው።

የጋናው፦ ነርሷ እዚያው ትኖራለች

የጋናው (በማኅበረሰብ ላይ የተመሠረተ የጤና ዕቅድና አገልግሎት) በእንግሊዝኛ ምህፃረ ቃሉ «ቺፕስ» ይባላል፣ ሰውም እንደዚያው ይጠራዋል። በ1994 በናቭሮንጎ የጤና ምርምር ማዕከል በ3 መንደሮች ተጀመረ፤ ከጀርባው ዶክተር ፍሬድ ቢንካና ባልደረቦቹ ነበሩ። ቀጥሎ ወረዳው ለአራት ተከፈለ። በአንዱ ነርስ መንደር ውስጥ ገብታ ትኖራለች፤ በሌላው ፈቃደኞች ብቻ ይሠራሉ፤ በሦስተኛው ሁለቱም አሉ፤ አራተኛው እንደነበረው ቀረ።

ውጤቱ ፈቃደኞችን ለሚወዱ ሁሉ መራራ ነበር። ነርስ መንደር ውስጥ በገባችበት የሕፃናት ሞት በ3 ዓመት ከግማሽ በላይ ወረደ። ፈቃደኞች ብቻቸውን በሠሩበት ሞቱ አልቀነሰም። ፈቃደኞቹ ያስፈለጉት ለሌላ ነገር ነው፤ አባወራውንና ባህላዊ አለቃውን አሳምነው የቤተሰብ ምጣኔን በር የከፈቱት እነርሱ ናቸው። ሁለቱ አንድ ላይ በሠሩበት የወሊድ መጠኑ በአንድ ልጅ ያህል ቀነሰ። ደመወዝ ሳይከፍሉ በፈቃደኛ ብቻ ጤና እናሻሽላለን የሚል ዕቅድ ያለው ሁሉ ይህን ደጋግሞ ሊያነበው ይገባል።

በ1999 አሠራሩ የአገሪቱ ፖሊሲ ሆነ። በወረዳ ደረጃ መሥራት እንደሚችል ቀድመው ካሳዩት ውስጥ ዶክተር ኮኩ አዉኖር ዊልያምስ የመሩት የንክዋንታ ወረዳ ይጠቀሳል። አንድ ዞን እስከ 5,000 ሰው ወይም 750 አባወራ ይይዛል። አመሠራረቱ ደረጃ አለው፦ ዞኑ በካርታ ይከለላል፤ ባለሙያዎች ወደ አለቃውና ሽማግሌዎቹ ሄደው ጉዳዩን ያስረዳሉ፤ ዱርባር በሚባለው የአደባባይ ስብሰባ ሕዝቡ ይቀበለዋል፤ ሕንፃ ይቆማል፤ ነርሷ ትመደባለች፤ ዕቃና ሞተር ብስክሌት ይገባል፤ በመጨረሻ ፈቃደኞች ይመረጣሉ። ነርሷ 2 ዓመት የማኅበረሰብ ነርስነት ተምራ በላዩ አጭር ተጨማሪ ሥልጠና ወስዳ ትመጣለች።

ቅደም ተከተሉ በወረቀት ላይ ያማረ ነው። በተግባር ግን ፖለቲከኛው ሕንፃውን ይወደዋል፣ ሪባን ይቆረጥበታላ! ዱርባሩና የቤት ለቤት ጉብኝቱ ይዘለላል። እንዲህ ሲሆን «ቺፕስ» ትንሽ ክሊኒክ ሆኖ ይቀራል፤ ነርሷ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ በሽተኛ ትጠብቃለች። ናቭሮንጎ ላይ ሞትን የቀነሰው ግን ሞተሯን አስነስታ ከግቢ ወደ ግቢ መሄዷ ነበር። ስለዚህ አንድን የጋና ጤና ኬላ የሚገመግም ሰው መጀመሪያ ቀለሙን ሳይሆን የሞተሩን ጎማና የጉብኝት መዝገቡን ይይ። ጎማው ጠፍጥፎ አቧራ ከጠጣ ቀሪውን መገመት አያቅትም።

ሁለተኛው ምልክት የነርሷ መኝታ ቤት ነው። ኬላው ውስጥ የምትኖር ከሆነ ሌሊት ይንኳኳል፣ ትከፍታለች። መኖሪያ ካልተሠራላት፣ ወይም ተሠርቶ ውኃና መብራት ከሌለው፣ ከተማ ትከራይና ከሰዓት በኋላ ትሄዳለች። ወባ ደግሞ የሥራ ሰዓት አይጠብቅም። ትኩሳት ያለው ልጅ ሲመጣ ጣቱን ወግታ የፈጣን ምርመራ ካርዱን ታያለች፤ ከታየበትና መዋጥ ከቻለ በአርቴሚሲኒን የተሠራው ጥምር መድኃኒት ይጀመርለታል። የሚያንቀጠቅጠው፣ የማይጠጣ፣ የሚያስመልሰው ትንሽ ልጅ ከሆነ በፊንጢጣ የሚገባ አርቴሱኔት ሰጥታ ወዲያው ሪፈር ትጽፋለች። ይህ መድኃኒት ጊዜ ይገዛል እንጂ ሕክምናውን አይጨርስም፤ «ተሻለው» ብሎ ከመንገድ የሚመለስ ቤተሰብ ልጁን ሊያጣ ይችላል።

ፍሪጁ፦ በሙቀትም በብርድም ያው ችግር

ክትባት በሁለቱም ቦታ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቀመጥ አለበት። ጋና ውስጥ የሚፈራው ሙቀት ነው፤ መብራት ይጠፋል፣ የፀሐይ ኃይል ባትሪ ያረጃል። ለዚህ ብልቃጡ ላይ ምልክት አለ፦ ክብ ውስጥ ያለች አራት ማዕዘን። ውስጧ ከክቡ ከነጣ ክትባቱ ደህና ነው፤ እኩል ከሆነ ወይም ከጠቆረ ይጣላል።

አላስካ ውስጥ የሚፈራው ሌላው ጫፍ ነው። ትንሿ አውሮፕላን አራግፋ ከተነሳች በኋላ ሳጥኑ በማረፊያው ሜዳ ላይ ተቀባይ ሲጠብቅ ከቆየ ክትባቱ በረዶ ይሆናል። የሄፓታይተስ ቢ፣ የቴታነስና የሳንባ ምች ክትባት አንዴ በረዶ ከሆነ ዋጋ የለውም፣ ቢቀልጥም አይመለስም። ኩፍኝና ቢሲጂ ግን ዱቄታቸው በረዶ ቢሆን ምንም አይሆኑም። በአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት ለልጆች የሚገዛውን ክትባት የሚያስቀምጥ ክሊኒክ ሙቀቱን ያለማቋረጥ የሚመዘግብ መሣሪያ ፍሪጁ ውስጥ ማስቀመጥ ግዴታው ነው።

ብዙ ሰው የማያውቀው ብርድ ጋናም ውስጥ ክትባት እንደሚያበላሽ ነው። ጠዋት ከፍሪዘር የወጣ አይስ ፓክ በቀጥታ መያዣ ሳጥኑ ውስጥ ከተደረደረ፣ አጠገቡ ያለው ብልቃጥ በዚያ ሁሉ ፀሐይ ውስጥ በረዶ ይሆናል። የብልቃጡ ምልክት ደግሞ የሚያሳየው ሙቀትን ብቻ ስለሆነ ነርሷ ምንም አታይም። መፍትሔው ቀላል ነው፤ አይስ ፓኩ ከፍሪዘር ወጥቶ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል፣ ሲነቀነቅ ውስጡ የውኃ ድምፅ ሲሰማ ብቻ ወደ ሳጥኑ ይገባል። የተጠረጠረ ብልቃጥ ካለ ከዚያው ዓይነት፣ ከዚያው ምርት ቁጥር አንድ ብልቃጥ ሆን ተብሎ በረዶ ይደረጋል፣ ይቀልጣል፣ ሁለቱም ይነቀነቁና ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። የተጠረጠረው በረዶ እንደተደረገው ቶሎ ከዘቀጠ ሁሉም ይጣላል፤ ቀስ ብሎ ከዘቀጠና ደመናማ ሆኖ ከቆየ ይሰጣል። ብልቃጡን በረዶ ማድረጉና ማቅለጡ ሳይቆጠር ምርመራው ግማሽ ሰዓት ያህል ቢፈጅ ነው፣ ወጪውም አንድ ብልቃጥ ብቻ።

ማን ይከፍላል?

ለአላስካ ነባር ሕዝቦች ሕክምናው ከኪስ አይከፈልም። የፌዴራል መንግሥት ግዴታ ነው፤ ከ1975 ሕግ ወዲህ ደግሞ ገንዘቡን ተረክበው የሚያስተዳድሩት ራሳቸው ያቋቋሟቸው ድርጅቶች ናቸው። በኮትዘቡ ማኒላክ፣ በኖም ኖርተን ሳውንድ ይጠቀሳሉ። አስተዳደሩ የመንደሩ ስለሆነ ሠራተኛዋንም መንደሩ ይመርጣታል። ይህ ትልቅ ጥቅም ነው፤ ቋንቋውን ታውቃለች፣ ማን የማን ልጅ እንደሆነ ታውቃለች።

ጎጂም ነው። የምታክመው የአጎቷን ልጅ ነው፣ ራሱን ሊያጠፋ የሞከረውን ጎረቤቷን ነው፣ ሬሳውን የምትገንዘው አብሮ አደጓን ነው። በሬዲዮ ወይም በስልክ 24 ሰዓት ትጠራለች፤ ተለዋጭ ከሌለ ዕረፍት የለም። ብዙዎቹ በዚህ ተሰላችተው ይለቅቃሉ፣ የአንዷ መልቀቅ ደግሞ እንደገና 4 ዙር ሥልጠና ማለት ነው። ከሁሉም የሚያሳዝነው የአላስካ ጉድለት ይህ ነው፤ በማሽን አይሞላም።

ጋና በ2003 ብሔራዊ የጤና መድን አቋቁማለች። ገንዘቡ በዋናነት የሚመጣው ከ2.5 በመቶ የሽያጭ ቀረጥና ከመደበኛ ሠራተኞች የማኅበራዊ ዋስትና መዋጮ ነው፤ የአባላት ዓመታዊ ክፍያ ትንሹ ድርሻ ነው። ከ18 ዓመት በታች ያሉ፣ 70 የሞላቸውና ነፍሰ ጡሮች ዓመታዊውን መዋጮ አይከፍሉም። ካርዱ በየዓመቱ ይታደሳል፤ ከ2018 መጨረሻ ጀምሮ በማንኛውም ስልክ ኮከብ 929 መሰላል ተጭኖ በሞባይል ገንዘብ ማሳደስ ይቻላል። ይህ ወረፋን ያስቀረ፣ የእኛ አገር የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ሰዎችም ቀርበው ቢያዩት የሚጠቅም ሥራ ነው።

ችግሩ መድኑ ለጤና ተቋማቱ ዘግይቶ መክፈሉ ነው። ክፍያው ሲዘገይ ኬላው መድኃኒት መግዣ ያጣል፤ መደርደሪያው ባዶ ሲሆን ነርሷ ወረቀት ትጽፍና «ከፋርማሲ ግዙ» ትላለች። ካርድ ያለው ሰው ከኪሱ ከፈለ ማለት ነው። የሚቀጥለው ዓመት ካርዱን ለምን ያሳድሳል? ነርሷ ከሌላ ክልል ተመድባ የመጣች ከሆነችና ካሴምኛ ወይም ናንካኒ የማትናገር ከሆነ ደግሞ ይህን ማስረዳትም በአስተርጓሚ ይሆናል።

ውኃ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ጋና በ2010 ከተበከለ ውኃ የሚመጣውን የጊኒ ዎርም የመጨረሻ በሽተኛ አይታ በ2015 ከበሽታው ነፃ መሆኗ ተረጋግጦላታል። በዓለም ሀብታም በምትባለው አገር ግን በሺሽማሬፍ፣ በዌልስና በዳዮሚድ መንደሮች የቧንቧ ውኃ የሌላቸው ቤቶች አሉ፤ ሽንት ቤቱ ባልዲ ነው፣ ልብስ የሚታጠበው በጋራ ማጠቢያ ቤት ነው። መሬቱ ለዘመናት በረዶ ሆኖ የቆየ ስለሆነ ቧንቧ መቅበር ያስቸግራል፣ ከመሬት በላይ የሚሄደው መስመር ደግሞ እየሞቀ መሄድ አለበት። የቧንቧ ውኃ በሌለባቸው የአላስካ አካባቢዎች የሳንባ ምችና የቆዳ ኢንፌክሽን እንደሚበዛ በጥናት ታይቷል። ሄልዝ ኤይዷ ያንኑ ልጅ ደጋግማ ብታክመው የእርሷ ጥፋት አይደለም።

ሪፈር ሲባል

ምጥን ብቻ እንውሰድ። በኢኑፒያት መንደሮች ነፍሰ ጡር 36ኛ ሳምንቷ ሲደርስ ወደ ኮትዘቡ፣ ኖም ወይም ኡትኪያግቪክ ትበራለች፤ አደጋ የሚጠረጠርባት አንኮሬጅ ትሄዳለች፣ ከኮትዘቡ እንኳ 880 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እዚያ በእናቶች ማረፊያ ሆና ምጧን ትጠብቃለች። ሕይወት ያድናል፣ ግን ሌሎቹ ልጆቿ ለአንድ ወር ያለ እናት ይቀራሉ፤ አስቀድሞ ልጆቹን የሚይዝ ዘመድ ማዘጋጀት የምክሩ አንድ ክፍል መሆን አለበት። ምጡ ቀድሞ ከመጣ አምቡላንስ አውሮፕላን ይጠራል። ጭጋግ ወይም ነፋስ ካለ አያርፍም፤ 80 ያህል ሰው በሚኖርባት ዳዮሚድ ደሴት ደግሞ በአብዛኛው ሄሊኮፕተር ብቻ ነው የሚደርሰው። ያን ሌሊት ከሄልዝ ኤይዷ ጋር የሚያድረው ስልክ ላይ ያለው ሐኪም ነው።

በጋና ኬላው አዋላጅ ካለው እዚያው ይወለዳል፣ ከሌለው ወደ ጤና ጣቢያ ይላካል። በ2020 መጀመሪያ መንግሥት ለየምርጫ ክልሉ አንድ፣ በጠቅላላው 307 አምቡላንሶች አከፋፍሏል። ነዳጅ ክፈሉ ተባልን የሚል የቤተሰብ ቅሬታ ግን ከዚያም ወዲህ አልጠፋም። በአፐር ኢስት ክልል መኪና የማይገባበትን መንገድ ባለሦስት እግር ሞተሮች አልጋ ተገጥሞላቸው ሸፍነዋል። ያንገጫግጫሉ፣ ክረምት ጭቃ ውስጥ ይሰምጣሉ፤ ሆኖም ሲበላሹ እዚያው መንደር የሚጠግናቸው አይጠፋም፤ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ከ2019 ጀምሮ ደግሞ ደም፣ ክትባትና የእባብ መርዝ ማርከሻ ዚፕላይን በሚባል ኩባንያ ድሮን ከሰማይ በፓራሹት ይወርዳል። ድሮኑ ዜና ላይ ደምቋል፤ የወላዷን ጉዞ ግን አያሳጥርም።

ጥርስን ሳያነሱ ማለፍ አይቻልም፣ አላስካ እዚህ ላይ ደፍራለችና። ለስላሳ መጠጥ መንደሮቹ ከገባ ወዲህ የልጆች ጥርስ እየበሰበሰ፣ የጥርስ ሐኪም ደግሞ በዓመት አንዴ ለጥቂት ቀናት ብቻ ሲመጣ፣ በ2003 የመንደር ወጣቶች ኒው ዚላንድ ተልከው 2 ዓመት ተማሩ፤ መሙላትና መንቀል ችለው ተመለሱ። የጥርስ ሐኪሞች ማኅበራት በ2006 ከሰሱ፣ በ2007 ግን ፍርድ ቤቱ ለመንደሮቹ ፈረደ። ጋና ውስጥ በመንደር ደረጃ ለዚህ የሚስተካከል የለም።

ለእኛ የሚወሰደው የትኛው ነው? ከ2003 ጀምሮ የተዘረጋው ጤና ኤክስቴንሽን በአንድ ቀበሌ 2 ደመወዝተኛ ሴቶችን ከአካባቢው መርጦ በ16 ፓኬጅ አሰማርቷል፤ ማለትም የአላስካን አመራረጥና የጋናን ቤት ለቤት ጉዞ አስቀድሞ አጣምሯል። የሚጎድለው ሌላኛው የስልክ ጫፍ ነው፦ ስትደውል የሚያነሳ፣ ስሙ የሚታወቅ ተረኛ ሐኪም። ይህን ለመጀመር ሳተላይትም ካሜራም አይጠየቅም። ከመደወሏ በፊት በወረቀት ላይ መኖር ያለበት የታካሚው ዕድሜ፣ ፆታና ክብደት፣ ዋናው ሕመምና የቆየበት ጊዜ፣ ሙቀት፣ ትንፋሽ በደቂቃ፣ የልብ ምት፣ ያየችው ነገር፣ የሰጠችው መድኃኒትና የማይስማማው መድኃኒት ካለ ነው። እርሷ ትናገራለች፣ ሐኪሙ ትእዛዙን ይሰጣል፣ እርሷ ትእዛዙን ቃል በቃል ትደግምለታለች፣ ሁለቱም ሰዓቱን መዝግበው ይዘጋሉ። የስልክ ካርዱ ወጪም በጤና ጣቢያው በጀት ውስጥ ራሱን የቻለ መስመር ይኑረው፤ ከደመወዟ ትሞላዋለች ተብሎ ከታሰበ መደወሉ ይቀራል።